መጽሐፉና የበዓለ ሃምሳው ስግደት

ልጄ ስትናፍቀኝ የማስቀምጣት ቦታ አልነበረኝም። ደባርቅ አብራኝ በነበረችበት ጊዜ ገበያ ወጥቼ እንኳ ሳስባት የት እንዳለች አውቃለሁ፤ ወይ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ታጠናለች፣ ወይ ደጅ ጫማዋን ታጥባለች። አስተማሪ ሆና ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ ወዲያ፣ ከገደሉ ሥር ያለ መንደር ከተመደበች ወዲህ ግን አሳቤ ተከትሏት ይሄድና መንገድ ላይ ይቀራል። አልጋዋ በየት በኩል እንደሆነ፣ በሯ ወዴት እንደሚከፈት አላውቅም። አባቷ በልጅነቷ ስላረፈ ሁለታችን ብቻ ነን፤ የእሷን ቤት ግን አላየሁትም።

እሷ ለበዓል ትመጣለች። ክረምቱን ደግሞ ለትምህርት ጎንደር ትወርዳለች። የዚያን ዓመት ለፋሲካ መጥታ ስትመለስ መኪናው ድረስ ሸኘኋት። አይሱዙው ላይ ከተሰቀለች በኋላ ከላይ ሆና፣

«እማ፣ እንግዲህ አንቺ ነይ። ዝናቡ ሳይገባ» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ?»

«እስከ ሳንቃ በር በመኪና ነው። ከዚያ በእግርሽ ትወርጃለሽ። መንገድ ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«መውረዱንስ ወረድኩ። ስመለስ ማን ያወጣኛል?»

«እግርሽ ነዋ!»

መኪናው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ሰውዬ «እናቴ፣ ካልሆነ በቅሎ አለ» አለኝ። እኔ በቅሎም እፈራለሁ።

የምፈራው ያለ ነገር አይደለም። የተወለድኩት ከሊማሊሞ በታች፣ ቆላው ውስጥ ነው። ደባርቅ ያመጣኝ ትዳር ነው። ከተዳርኩ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ልትጠይቀኝ ማር ተሸክማ ሊማሊሞን በእግሯ ስትወጣ፣ ዳገቱ መሐል ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ አልተነሳችም። ማሩን ሰዎች አመጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ በመታ ቁጥር የእኔም ተራ የደረሰ ይመስለኛል። ዳገት ከሆነ መሐል ላይ ቆሜ ምንም እንዳልሆንኩ አካባቢውን የምመለከት እመስላለሁ፤ የማየው ግን የራሴን ልብ ነው። ለቅሶው ራቅ ያለ ቦታ ሲሆን ጎረቤቶቼ «እሷን ተዋት፣ ልቧ ደካማ ነው» ይሉልኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመርምሬ ምንም የለብሽም ብለውኛል። አመስግኜ ወጣሁ፤ አላመንኳቸውም እንጂ።

ልጄ ትታቸው የሄደቻቸው ሁለት መጻሕፍት ነበሩ። አንዱ ሽፋኑ የለቀቀ የሳይንስ መጽሐፍ ነው። ሌላው ከኮሌጅ ያመጣችው፣ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ የሚያስተምር ቀጭን መጽሐፍ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ጣቴን ከፊደሉ ሥር ካላስኬድኩ ግን መሥመሩ ይጠፋብኛል። መጀመሪያ የከፈትኳቸው ለማወቅ ብዬ አልነበረም። እሷ በእርሳስ ያሰመረችበትን እየፈለግሁ አነባለሁ። እሷ ያነበበችውን ሳነብ ጎን ለጎን የተቀመጥን ይመስለኛል፤ ያቺ ጥቂት ጊዜ ትበቃኝ ነበር።

አንድ ቀን የተሰመረበት ቦታ ስለ ውሃ መፍላት ሆኖ አገኘሁት። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ቢፈላም ሙቀቱ እንደ ቆላው አይደለም፤ ስለዚህ እህሉ ለመብሰል ይዘገያል ይላል። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ጥዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ መጀመሪያ የታማሁት በባቄላ ንፍሮ ነው። እናቴ ቤት በሚበስልበት ልክ አውጥቼ አቀረብኩና አማቴ አንዷን ፍሬ ጥርሷ ላይ አደረገቻት።

«የቆላ ልጅ! ያሉኝን ጥቂት ጥርሶች ልታስጨርሺኝ ነው የመጣሽው?» አለችኝ በሰው ፊት።

ስንት ዓመት ሙሉ እጄ የማይባረክ ሴት ነኝ ስል ኖሬያለሁ። ለካ የደባርቅ አየር ነው። አማቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ መጽሐፉን ታቅፌ እሄድባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ንፍሮ ስጥድ ክዳኑን አጥብቄ እከድናለሁ፤ ውሃው መንተክተክ ሲጀምርም አልቸኩልም።

ከዚያው በታች ደግሞ ስለ ሰው ተጽፏል። ያው ስስ አየር ሰውንም ቶሎ ቶሎ ያስተነፍሰዋል። ዳገት ላይ ልብ ፈጥኖ የሚመታው አየሩን ለሰውነት ለማዳረስ ነው፤ ሲያርፉ ይመለሳል። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። ልብ መምታቱ ሥራው ነው የሚል ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ የልብ ድምፅ ማለት የእናቴ ሞት ነበር።

ቀጭኑን መጽሐፍ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች አንጓ ላይ አድርጎ የልብን ትርታ ማግኘት እንደሚቻል ያሳያል። ሕመም ያለበት ባለሙያ ያማክር ይላል፤ እኔ አማክሬያለሁ፣ ያላመንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጀመራል፤ መቀመጥና መነሳት፣ ተጎንብሶ መሬት ነክቶ ቀጥ ማለት፣ በእጅና በእግር ጣት ምድር ላይ መደገፍ። ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ ለብርሃን ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ጀመርኩ። ሲደክመኝ አርፋለሁ፤ አንጓዬን እይዛለሁ፤ ቀስ እያለ ሲመለስ ይሰማኛል። ደስ ይላል፤ የሄደ ሰው ሲመለስ እንደ መስማት ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በበሩ ክፍተት አየችኝ። ቀና ስል አማትባ ስትመለስ ነው ያየኋት። ወንፊቱንም አልወሰደችም።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። መስቀል ተሳልሜ አስቀመጥኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ልጄ፣ ምን ኃጢአት ሠራሽ?»

«ኧረ ምንም… ማለቴ ብዙ ነው አባቴ። የትኛውን ሰሙ?»

«እኔ ሳላውቅ ስግደት ያዘዘሽ ማነው? ያውም በበዓለ ሃምሳ! ጌታ ተነሥቷል፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም። አንቺ ሥርዓቱን የማታውቂ ሴት ነሽ?»

ፊቴ ጋለ። ተነስቼ መጽሐፉን አመጣሁት።

«ስግደት አይደለም አባቴ። ስፖርት ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። በቁምጣ ያለ ሰው መሬት ለመንካት ሲጎነበስ ያሳያል።

«የዚህ ሰውዬ ሱሪ የት ሄደ?» አሉ።

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ለምን እንደጀመርኩ ጠየቁኝ። የእናቴን ነገር፣ የልጄን ቤት አለማየቴን፣ ዝናብ ከገባ መንገዱ እንደማይሞከር ሁሉንም ነገርኳቸው። ልቤ ደካማ መሆኑንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወይራው ሥር የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ አባቴ።»

«ከጠዋት እስከ ማታ ስትወድቂና ስትነሺ አይቼሻለሁ። እህል ውሃ ሳትቀምሺ። ወጣቶቹ ጥላ ሥር ሲቀመጡ አንቺ አልተቀመጥሽም። ያን ጊዜ ይቺ ደካማ ልብሽ የት ነበረች?»

እውነት ነው፣ ልቤ ያን ቀን ሲመታ ውሎ ይሆናል። እኔ ግን አልሰማሁትም።

«አላሰብኳትም አባቴ» አልኩ።

«እንግዲያው ሂጂና ልጅሽን እዪ።» ጃንጥላቸውን አንስተው ከቆሙ በኋላ እንደገና ወደ መጽሐፉ አዩ። «ለጉልበትስ የሚለው ነገር አለው?»

አለው። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ በር ላይ እንደቆሙ አነበብኩላቸው። አንዱን ቦታ «ድገሚው» አሉኝ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሄድኩ። ከሳንቃ በር ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ቁልቁል ወረድኩ። ልጄ መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ላይ ቆማ ስታየኝ፣ አስተማሪነቷን ረስታ እየሮጠች መጣች። ቤቷ አንዲት ክፍል ነች። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ እዚህም መስኮት ሥር! በሩ ወደ ገደሉ ይከፈታል፤ ትንሽ ስለሚይዝ በትከሻ መግፋት ይፈልጋል። ጠመኔ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም አየሁ፤ እየዳሰስኩም አየሁ።

ባቄላ ጣድኩላት። ሳወጣው፣

«እማ፣ ምነው ቸኮልሽ? አልበሰለም እኮ» አለችኝ።

«ቅመሺው። እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፣ ውሃው ይግላል።»

ፍሬዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች አፍጥጣ አየችኝ። «ማን ነገረሽ?»

«አንቺ። አስምረሽበት የለ?»

እየሳቀች መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ሳቁ ቆሞም አልለቀቀችኝም።

ስመለስ ዳገቱን አብራኝ ወጣች። መሐሉ ላይ ልቤ መታ፤ ተቀመጥኩ። እናቴም እንዲህ ባለ ቦታ ነው የተቀመጠችው። ማሩን ይዛ፣ ሳይመሽ ልትደርስልኝ ቸኩላ ይሆናል። ቀስ በይ፣ እረፊ፣ ይመለሳል ብሎ ያነበበላት ሰው አልነበረም። ቢነበብላትስ ትተርፍ እንደሆነ አላውቅም። አንጓዬን ይዤ ቆየሁ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ነፋሱን ጋረደችልኝ። ልቤ ተመለሰ። ተነስቼ ወጣሁ።

ሳንቃ በር ላይ መኪናው ሲነሳ እጇን እያውለበለበች ቀረች። እኔ ተቀምጫለሁ፤ ዳገቱም አልቋል። ልቤ ግን ዳገቱ ላይ ከነበረው ይበልጥ ይመታ ነበር። ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ መመለሱን ጠበቅሁ፤ ቶሎ አልተመለሰም። ስለዚህኛው ሁለቱም መጻሕፍት ያሉት ነገር የለም።

ቡይት ራስ የሚባለውን ቦታ ስናልፍ አሁን ታች ደርሳለች ብዬ አሰብኩ። በሩ ያዛት፣ በትከሻዋ ገፋችው። ጫማዋን አወለቀች። መስኮቱ ሥር፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። አሳቤ መንገድ ላይ አልቀረም፤ አብሯት ገባ።