ቀን የማይጠራው ቪዲዮ

ኦክ ሚርዮንግ በደቡብ ኮሪያዋ ጉንሳን ከተማ በአንድ ኮሌጅ ስለ ምግብ አቆያየት አሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች። ውሏ በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ያችኑ አንዲት ፊርማ ትጠብቃለች። የቢሮ ጎረቤቷ የሆንኩትና የምግብ ንጽሕና ደንብ የማስተምረው እኔም እንደዚያው ነኝ።

ግማሹ ትምህርት በክፍል፣ ግማሹ በኢንተርኔት ይሁን ሲባል ሌሎቻችን የአንድ ሰዓት ንግግራችንን በቪዲዮ ቀድተን ጫንን። እሷ አልቸኮለችም። ዘዴዋን ላስረዳችሁ፤ ግሩም ነው። ትምህርቱን ሰባት ሰባት ደቂቃ አድርጋ ከፋፈለችው። በየቁራጩ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጨው በደንብ ያልነካው፣ በበርበሬ የሚብላላው የኪምቺ ጎመን ከሳምንት በኋላ ምን ምን ይሸታል?» መልሱን ቪዲዮው ውስጥ አትናገርም። ተማሪው ገምቶ ይጽፋል፤ ሐሙስ ክፍል መጥቶ ራሱ የሞላውን ማሰሮ ይከፍታል። የተሳሳተ ሰው ስህተቱን በገዛ አፍንጫው ያገኘዋል፤ እንዲህ የተገኘ ነገር ደግሞ አይረሳም! ሦስት ቀን ድምፁ የጠፋ ተማሪ ካለ ትደውልለታለች። ከመርከብ ፋብሪካ ፈረቃ የሚወጡት እንኳ አይቀሩባትም ነበር።

ሌላም ደንብ ነበራት። ስትቀዳ ቀንና ዓመተ ምሕረት አትጠራም፣ ስለ አየሩ አታነሳም፤ ቪዲዮው ለዓመታት እንዲያገለግል።

«አንተ ሰውዬ፣ ስለ ዝናብና ስለ ቤዝቦል ምን ያስለፈልፍሃል? ለከርሞ ማን ይሰማሃል?» ትለኛለች።

«እህቴ፣ ካልለፈለፍኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«ተማሪዎቹንማ ድሮ ወስዷቸዋል!»

ታኅሣሥ ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ፕዮ ሁለታችንን አስጠሩን።

«መምህርት ኦክ፣ ቪዲዮዎችዎ እንከን የላቸውም። አሥር ዓመት ያስኬዳሉ።»

«አመሰግናለሁ፣ ፕሮፌሰር።»

«እንግዲህ አዲሱ የትምህርት ዘመን ከሚከፈትበት ከመጋቢት ጀምሮ እርስዎን ማድከም አያስፈልግም።»

ሚርዮንግ «የሐሙሱስ? ማሰሮውን ማን ያስከፍታቸዋል?» አለች።

«እሱ ይቅር፤ ቪዲዮው ይበቃል።» የድሮ ተማሪያቸው ወደሆንኩት ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተን ግን ሁለተኛ የሚያየው የለም። ያለፈው ዓመት የቤዝቦል ጨዋታ ነው የሞላው። መጥተህ አስተምር።»

የውሌን ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። እሷ እያየችኝ ፈረምኩ።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ዘጠኝ ተማሪዎች ማሰሯቸውን ታቅፈው ከተቆለፈው በር ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

«መምህር፣ መምህርት ኦክ ዘገየች እኮ!» አለኝ አንዱ። «ትናንት ቪዲዮው ላይ ‹ሐሙስ እንገናኝ› ብላናለች።»