የጥሩብርሃን ነጭ ቁልፎች

ጥሩብርሃን ተሾመ ፒያኖ መማር የጀመረችው በአርባ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በጣሪያዬ በኩል ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ እንኖራለን። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከራስጌዬ በላይ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ የሚል ነገር ይጀምራል። ሦስት ሳምንት ታገስኩና አንድ ቀን ወጥቼ አንኳኳሁ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ እንዳደረገች ከፈተችልኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ኪቦርድ ተዘርግቷል። ለካ ሙዚቃው ወደ ጆሮዋ ይገባል፤ ወደ እኔ የሚወርደው የጣቶቿ ኮቴ ብቻ ነው።

"ረበሽኩህ እንዴ?"

"አይጥ መስሎኝ ነበር።"

"አይጥ እንኳ በዚህ ሰዓት ተኝታለች" አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ለወሬ ጊዜ አልነበራትም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአውቶቡስ ሰልፍ መያዝ አለባት።

ሰልፉ ወደ መገናኛ ነው፤ መንገዱ ሲቀና አንድ ሰዓት፣ ሳይቀና ሁለት ሰዓት ይወስዳል። መገናኛ አጠገብ ካለ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የጭነት ካሳ ጥያቄዎችን ስትመረምር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ቦታ ተለቀቀና እሷም ተወዳደረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ትወጣለች፤ ደም ግፊቷን የለካው ሐኪም "ወይ ተራራ ወይ ኪኒን፣ ምረጪ" ብሏት ተራራውን መርጣ ነው። ለፒያኖ የተረፈላት ጎህ ሳይቀድ ያለችው ሰዓትና የአውቶቡሱ መንገድ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጣቶቿን ታሯሩጥበታለች። አንድ ቀን አጠገቧ የተቀመጡ እናት ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ "ልጄ፣ እጅሽን የሚበላሽ ነገር ካለ ሐኪም ታዪ" አሏት።

ያን ያህል የሚያጣድፏት አባቷ ናቸው።

አቶ ተሾመ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ወሰን ሰፈር ያለችውን ጸሎት ቤታቸውን ከመሠረቱት ሰዎችም አንዱ ናቸው። ጸሎት ቤቶች በተዘጉበት ዘመን ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ ይሰበሰቡ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ንግግራቸው ተመለሰ፤ ዝማሬያቸው አልተመለሰም። እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ሲዘምር እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ። "መዝሙሩን ወደ ላይ ወስደውት እኔን ታች ጥለውኝ ሄዱ" ይላሉ። በቀልድ መልክ ነው የሚሉት፤ ልጃቸው ግን አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።

ጸሎት ቤቷ አርባ አምስተኛ ዓመቷን ልታከብር ስትዘጋጅ፣ ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀሩት አራቱ "በጓዳችን ያልረሳኸን" የሚለውን የዚያን ዘመን መዝሙራቸውን ይዘምሩ ተባለ። አቶ ተሾመ እንቢ አሉ። ሦስቱ ደግሞ "ያለ ተሾመ አንቆምም" አሉ።

"ድምፅህን እንዲሸፍንልህ እኔ ፒያኖ ብመታልህስ፣ አባዬ?" አለች ጥሩብርሃን።

"ማን? አንቺ?" እጆቿን አዩ። በዚያን ጊዜ አንድ ቁልፍ እንኳ ነክታ አታውቅም ነበር። "አንቺ ከመታሽ እቆማለሁ።"

ያመለጡ መስሏቸው እንደሆነ እገምታለሁ። ለበዓሉ ስምንት ወር ቀርቷል።

ያስተማራት የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች ሚልኬሳ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሰባት፣ ትዕግሥቱ ግን የሽማግሌ። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አላት፦ "ነጮቹን ብቻ ተማሪ። ጥቁሮቹን እርሻቸው።" ከዚያ ትራንስፖዝ የምትባለዋን ትንሽ ቁልፍ አራት ጊዜ ጫናት። "ይቺ መዝሙሩን ሽማግሌዎቹን የምትመራቸው ዘማሪ ፊልሞና ዘንድ ታደርስልሻለች፤ ጣቶችሽ ከቦታቸው አይነቃነቁም።" እውነትም ያንኑ ነጭ ቁልፍ ስትነካ ድምፁ አራት ደረጃ ከፍ ብሎ ወጣ። በየጸሎት ቤቱ ስንቱ ልጅ በዚህ መንገድ እንደሚማር ኋላ ሲነግሩኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። ልክ ሰው ምድር ቤት ቆሞ ድምፁ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚሰማ ነው። ጥሩብርሃን ግን አልተገረመችም። የራሷንም ኪቦርድ አራት ላይ አደረገችና ረሳችው።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚልኬሳ፣ "ቅዳሜ አራት ሰዓት ነይ፤ ትልቁን ፒያኖ እንሞክረው። መብራት ሰሞኑን መጥፋቱን ልማድ አድርጎታል" አላት። ትልቁ ፒያኖ ከዓመታት በፊት በስጦታ የመጣ ነው። ጨርቅ ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ አዳራሹ ጥግ ቆሟል። ያለ መብራት የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። እመጣለሁ አለች።

ዓርብ ማታ ልትወጣ ስትል የመምሪያው ሥራ አስኪያጅ ኩልሱም በበሩ ብቅ አለች።

"ጥሩዬ፣ የእጩዎቹ ገለጻ ነገ አራት ሰዓት ሆኗል። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ሰኞ መንገደኛ ናቸው።"

"ነገ አራት ሰዓት ልምምድ አለኝ።"

"እኔም ነገ የእህቴ ልጅ ኒካህ አለኝ። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር አለው።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"አንድ ሰዓት አይሞላም።"

ቅዳሜ ንጋት ላይ ተራራውን ልትተወው ትችል ነበር። ግን ሁለት ቅዳሜ አልፎባታል፤ ሐሙስ ዕለት ስትለካም ግፊቷ ተመልሶ ወጥቷል። ስለዚህ ፈረንሳይ ከሚባለው ሰፈር በላይ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ፣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ሳይለቅ መውጣት ጀመረች። አፏ የካሳ ጥያቄዎቹን ቁጥር ያነበንባል፤ ጣቶቿ ሱሪዋ ላይ መዝሙሩን ይመታሉ። ግማሽ ላይ ስትደርስ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴት፣ ሸክሟ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት፣ ፊት ለፊቷ መጣች።

"ባዶ እጅሽን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታቃስቺው?"

"ለጤና ነው" አለች ጥሩብርሃን እያለከለከች።

"ጤና ከፈለግሽ እንኪ፣ ተሸከሚልኝ።" ሴትዮዋ ሳቀች፤ እየሳቀችም እግሯ አላቆመም። አልፋት ስትወርድ ዞር ሳትል ተናገረች፦ "ዝግ በይ እንጂ አትቁሚ። የቆመ ሰው ላይ ሸክም ይጨምራል።"

ገለጻው አንድ ሰዓት አልበቃውም፤ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ሰው ስለ አንድ የተገለበጠ መኪና አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቋት። አሥራ አንዱንም መለሰች፤ ዐይኗ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አልተነቀለም። ታክሲ አጥታ ወሰን ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የአዳራሹ በር ተቆልፏል። ዘበኛው ጋሽ ገብረማርያም ደፉ ላይ ተቀምጠዋል።

"ወለሉ ቀለም ተቀብቷል። እስኪደርቅ ፓስተሩም አይገቡም።"

"ጋሼ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ። በጫፍ በጫፉ እረግጣለሁ።"

"በጫፍ በጫፉ የገባች ድመት አለች። አሻራዋን ነገ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።"

በመስኮቱ አጮልቃ አየች። ፒያኖው ጨርቁን እንደለበሰ ጥግ ላይ ቆሟል። ጠብቋት ጠብቋት የሄደው ሚልኬሳ ጋ ስትደውል፣ "አይዞሽ፤ መብራት ካልጠፋ ምንም ችግር የለም" አላት።

እሑድ ጠዋት መብራት ነበረ። ሦስት ሰዓት ላይም ነበረ። ዘማሪዋ ፊልሞና የመክፈቻውን መዝሙር ስታነሳ የአዳራሹ ጣሪያ ተርገበገበ። እኔ በጥሩብርሃን ግብዣ ኋላ ተቀምጬ ነበር። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የአራቱ ሽማግሌዎች ስም ተጠርቶ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ መብራቱ ሄደ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ ኪቦርዱ ጠቆረ። ከውጭ የጀነሬተሩ ሳል ሁለት ጊዜ ተሰማና ቀረ።

ሚልኬሳ የአበባውን ማስቀመጫ አንሥቶ ጨርቁን ገፈፈው። ጥሩብርሃን ተቀመጠች። ሰው እንዳይሰማ አንድ ጣቷን ቀስ ብላ አሳረፈች፤ ከዚያ ደገመችው። ጣቷ ልክ ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ግን የእሷ መዝሙር ድምፅ አይደለም። ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

"ሚልኬ፣ ቁልፉ የት ነው?"

"የምን ቁልፍ?"

"ወደ ላይ የሚያወጣው።"

ሚልኬሳ ፒያኖውን አየው። "ይሄ የለውም" አለ።

"እሺ አንተ ምታው። እባክህ።"

"እኔስ?" አንገቱን ደፋ። "እኔም ያለ እሱ አልችልም። እኔንም ያስተማሩኝ እንዲሁ ነው።"

አራቱ ሽማግሌዎች መድረኩ ላይ ደርሰዋል። አቶ ተሾመ ከዘራቸውን ይዘው በስተቀኝ ጫፍ ቆመዋል። ድምፃቸውን ሊሸፍንላቸው የሚችል ድምፅ ማጉያ የለም። የሚሸፍኗቸው ፊልሞናና ፒያኖው ብቻ ናቸው። ልጃቸውን አዩዋት። ቃል ገብተው ቃላቸውን ለመጠበቅ የመጡ ሰው አስተያየት ነበር። ያን አስተያየት አይታ "አልችልም" ማለት አልሆነላትም። ስምንት ወር ያን መዝሙር ብቻ ነው የተማረችው፤ እሱንም በአንድ ቦታ ብቻ። ሌላ መንገድ አታውቅም። በምታውቀው ጀመረች።

መግቢያው ዝቅ ብሎ፣ ከብዶ ወጣ። ፊልሞና ግር ብሏት አፏን ከፈተች፤ በለመደችው ከፍታ ሁለት ቃል አለች። ድምፅዋና ፒያኖው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። ቆመች። ዝቅ አድርጋ ሞከረች፤ ድምፅዋ ወደዚያ አይወርድም፣ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እንደገና ቆመች። ከወጣቶቹ ወንበር አንድ ሳቅ አምልጦ ታፈነ። እኔ የያዝኩትን የፕሮግራም ወረቀት ጨምድጄው ነበር።

ጥሩብርሃን ግን አላቆመችም። ፍጥነቷን ቀነሰች፤ መግቢያውን ከመጀመሪያው መለሰችው። ላቡ ከግንባሯ አገጯ ደርሷል፤ ዐይኗ ከነጮቹ ቁልፎች አልተነሣም። መግቢያው አለቀ። መዝሙሩን የሚያነሣ ሰው የለም። ሦስተኛ መለሰችው።

አቶ ተሾመ ከዘራቸውን አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌ ሰጡ።

"እንዲህ ነበር እኮ" አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

ከዚያ "በጓዳችን ያልረሳኸን" ብለው ጀመሩ። ድምፃቸው የተሰነጠቀ፣ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ነበር፤ ልክ ፒያኖው ያለበት ቦታ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሽማግሌ ተከተሉ፤ ሦስተኛው፣ አራተኛው። እንዳይረብሽ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። አራት መቶ ሰው አራት ሽማግሌ ለመስማት እንዲህ ዝም ሲል ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሁለተኛው አዝማች ላይ አዳራሹ ሁሉ ገባበት። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ማድረግ ነውር የሆነ ይመስል።

ሲያልቅ አቶ ተሾመ ወደ ፒያኖው መጡ።

"ዝቅ ተብሎ እንደሚጀመር ማን ነገረሽ?"

"ምኑን?"

"ያኔ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን ነበር የምንዘምረው። ጎረቤት እንዳይሰማ። መዝሙሩ እዚያው ታች ነው የተወለደው። እነዚህ ወጣቶቹ ናቸው ኋላ ወደ ላይ ያወጡት።"

"ማንም አልነገረኝም፣ አባዬ። ሌላ ስለማላውቅ ነው።"

"እንግዲያ አትወቂ" አሉና ከዘራቸውን ለመቀበል ዞሩ።

የኃላፊነቱን ቦታ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ወሰደው። "ሁለተኛ ነበርሽ፤ የቀረሽ ጥቂት ነው" አለቻት ኩልሱም። ጥሩብርሃን ይህን ደረጃው ላይ ነገረችኝ፤ ከዚያ በመጪው ዓመት ሌላ ቦታ ሲለቀቅ እንደገና እንደምትወዳደር አክላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣሪያዬ ጀመረ። ቲክ፣ ቲክ፤ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ አንድ የተሳሳተ ቲክ። ስምንት ወር ያደመጥኩት የለመደ ኮቴ አልነበረም፤ ደረጃ እየዳሰሰ የሚወጣ ሰው ኮቴ ነበር። የአባቷን ምክር አልሰማችም፤ ጥቁሮቹን ቁልፎች ጀምራለች።