ጋሽ ዘውዴ ማላዊ ሄደው ያስተማሩት

ሸዋ በር ገበያ ላይ «ዶክተሩ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ገበሬ ጋሽ ዘውዴን መፈለጉ ነው። ጋሽ ዘውዴ ግን ዶክተር አይደሉም፤ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ረዳት ናቸው። ዶክተር ሲባሉ አንድ ቀን እንኳ አስተባብለው አያውቁም። ስሙ ጣማቸው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የድሬ ጠያራ ሰው ከብቱ ሲታመም ይደውልላቸዋል። እሳቸውም ቦርሳቸውን አንግተው ከች ይላሉ፤ ሰዉን ዞር በሉ ብለው ሥራቸውን ይሠሩና ሲወጡ «ሁለተኛ ብትታመም እንዳትነኳት፤ እኔን ጥሩኝ» ይላሉ። ምን እንዳደረጉ የጠየቀ «አንተን ምን አገባህ?» ተብሎ ይመለሳል። በሰው መፈለግ እንደ ጫት ነው፤ ሱስ ያስይዛል።

አምና አንድ ድርጅት በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ ሲያፈላልግ ተመዘገቡና ማላዊ ሄዱ። እዚያ የሚቆዩት አንድ ወር ብቻ ስለሆነ፣ ማንም እሳቸውን ጠብቆ እንዳይቀር የሚያውቁትን ሁሉ ለአገሩ ገበሬዎች ዘረገፉላቸው። እርጥብ ሣር በልታ ሆዷ የተነፋ ላም ፊቷን ወደ ዳገት አዙረው የምግብ ዘይት በጠርሙስ እንዲያጠጧት፣ የግራ ጎኗን እንዲያሹላት አሳዩአቸው። ሲሰናበቱ የመንደሩ ሴቶች በዘፈን ሸኟቸው።

በተመለሱ ማግስት ድሬ ጠያራ ወረዱ። መጀመሪያ የገቡት መርየም ቤት ነው፤ ባሏ ሞቶባት በአንዲት ላም ወተት ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። በረቱ ባዶ ነው።

«ላሚቱስ?»

«ሞተች፣ ጋሽ ዘውዴ። ገመዷን በጥሳ ጤዛው ያልለቀቀው የአልፋልፋ መኖ ውስጥ ገባች። ሆዷ ተነፋ። ብንደውል ስልክዎ አይሠራም። እንዳትነኳት ብለውናላ! ቁጭ ብለን ስናያት ረፋዱ ላይ ወደቀች። የአላህ ቀደር ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

እሳቸውም የአላህ ውሳኔ ነው ብለው ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። አንጀታቸው ግን እምቢ አለ።

«ቤት ውስጥ ዘይት አልነበረም?»

«ነበር። ዘይት ምን ያደርግላታል?»

ነገሯት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነበር፤ እየተናገሩ ራሳቸውን ጠሉት። መርየም አልጮኸችም፣ አልተራገመችም።

«የሄዱበት አገር ሰዎች ይህን ያውቃሉ?»

«አዎ... እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

መርየም ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«እኛ ታዲያ ምን በድለንዎት ነው፣ ጋሽ ዘውዴ?»