የጋሽ ወዳጆ ጉልበት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰይሞ ዳኛውን እንደ ታናሽ ወንድሙ ሲመክር፣ ስልኬ ጮኸ። ኳስ በሚታይበት ሰዓት የሚደወል ስልክ አልወድም፤ ደህና ወሬ የያዘ ሰው ጨዋታው እስኪያልቅ ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ። ከሚዛን ተፈሪ የደወለችው ታላቅ እህቴ ራሄል ነበረች። ልጆቹን ጠየቀች፣ የድሬዳዋን ሙቀት ጠየቀች፣ ባለቤቴን ጠየቀች፣ ሙቀቱን ደግማ ጠየቀች፤ ያኔ ሰው እንደሞተ ገባኝ። "ጋሽ ወዳጆ አረፉ" አለችኝ በመጨረሻ። በዚያችው ቅጽበት የጎረቤታችን ቤት "ጎል!" ብሎ ተናጋ፤ በእኛ ቴሌቪዥን ላይ ግን ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ነበረች።

ጎረቤታችን ምን ዓይነት ዲሽ እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ ከእኛ አራት አምስት ሰከንድ ይቀድማል። ጎሉ ሁሉ በግድግዳ በኩል አስቀድሞ ስለሚነገረን፣ እኛ ቤት ኳስ ማየት ማለት የሰሙትን ወሬ በሥዕል ማረጋገጥ ነው። ጥግ ላይ "ቀጥታ ስርጭት" ተብሎ የሚጻፈውንም ከዚያ ወዲህ አላምነውም። ባለቤቴ ሶፋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ቢያዞረውም አልረዳንም። እኔም ስለ ጎረቤቴ ልቤ ውስጥ የሚመጣውን ነገር በየሳምንቱ ጌታን ይቅርታ እጠይቅበታለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው ይመለሳል። ያን ቀን ግን ጩኸቱን ስሰማ መናደዱን ረሳሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዓይኔ ወደ ባለቤቴ ጉልበት ሄደ። ጎል ከመግባቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚያሳብቅበት ጉልበቱ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁና።

ራሄል ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ የጋሽ ወዳጆ ልጅ ለቅሶው ላይ ስላወራችው ነገር። እሱን በቦታው እመጣበታለሁ። በድንኳኑ ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቡና ረጋጩ" እያሉ የሚያነሷቸው እንደነበሩም ነገረችኝ። ይህ ስም ከወጣላቸው ብዙ ዓመት ሆነው። በስሙ ውስጥ የእኔ እጅ አለበት፤ እጅ ስል የምር እጄን ማለቴ ነው።

በልጅነቴ ሚዛን ውስጥ ዲሽ ያለው ቤት በጣት ይቆጠር ነበር። በእኛ በኩል፣ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዲሽ የነበራቸው አባ ተማም ብቻ ናቸው። ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ፊት ለፊት ሳሙና፣ ጨውና ምስማር የሚሸጡበት ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ሰፊ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ደጅ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ዘህራ ከነገለባው ያለ ጀንፈል ቡና የምታሰጣበት ግቢ ነበራቸው። ብሔራዊ ቡድናችን በሚጫወትበት ቀን አግዳሚዎች ይደረደራሉ፣ ብርሃኑ ሥዕሉን እንዳያደበዝዘው መጋረጃው ይዘጋል፣ ሰፈሩም የረጠበ ካፖርቱንና የሱቁን የሳሙና ሽታ እየተጋራ በዚያ ጨለማ ውስጥ ይታጨቃል። አባ ተማም ከኳሱ ይልቅ ሰው የሚወዱ ሰው ነበሩ። ችግራቸው አንድ ነው፤ ደንበኛ ሲጠራቸው ወደ ሱቁ ሄደው ይመለሱና ያመለጣቸውን ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲተረክላቸው ይጠይቃሉ። እስኪተረክላቸው ድረስ ሌላ ያመልጣቸዋል።

ኳስ አብሮ ማየት የሰውን ጠባይ ያወጣዋል። ተጫዋቹ ሊመታ ሲል ብድግ ብሎ የሚጋርድ አለ፤ ቁጭ በል ሲሉት የሚቀየመው እሱ ነው። በየአምስት ደቂቃው የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው ብሎ የሚጠይቅ አለ። አፉን ቆሎ ሞልቶ አሰላለፍ የሚያስተምርም አለ። ወይ ከመንበርከኩ ወይ ከመሳደቡ አንዱን ቢመርጥ የምለውን ጸሎተኛ እንኳ እተወዋለሁ፤ ወንድማችን ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት እናቴ የኳስ ሕግ ስላወጣችልኝ ነው። እናቴ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት መሪ ነበረችና፣ ነገሩን ጸልያበት፣ ማየቱ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ መጮሁ ግን ሥጋዊ እንደሆነ ወሰነች። ስለዚህ እኔ በሩ ሥር ቆሜ አፌን በመዳፌ ይዤ ነበር የማየው። መጮህ ያልተፈቀደለት ልጅ ደግሞ ሜዳውን ትቶ ሰውን ማየት ይጀምራል። ጋሽ ወዳጆን መጠርጠር የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ጋሽ ወዳጆ በወጣትነታቸው ከጌጫ መጥተው እኛ ሰፈር የኖሩ፣ የአባ ተማም የልብ ወዳጅ፣ የእኛ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ሥራቸው ቡና መለየት ነው። መጋዘን ውስጥ ከየጆንያው አንድ አንድ ጭብጥ ያወጣሉ፣ በጣቶቻቸው መሐል ያሳልፉታል፣ ያሸቱታል፤ ከዚያ ይህ ያለጊዜው የተለቀመ ነው፣ ይህ ዝናብ መትቶታል፣ ይህ ደህና ነው ይላሉ። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚከራከር ነጋዴ አልነበረም። በአባ ተማም ሳሎን ውስጥ ሁልጊዜ ለበሩ የቀረበው የአግዳሚ ጫፍ የእሳቸው ነው። ፀሐይም ይሁን ዝናብ የካፖርታቸው ኮሌታ እስከ ጆሯቸው ተገትሮ ይውላል።

ጥርጣሬዬ ብዙ ማስረጃ ነበረው። አንደኛ፣ ቴሌቪዥኑን አያዩም፤ ፊታቸው ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ቀድሜ ሰላም ካልኳቸው "ማርታዬ፣ ደህና ዋልሽ" ብለው ይመርቁኛል፤ ዝም ብዬ ካለፍኩ ግን እንደ አጥር እንጨት ነው የሚያልፉኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙር መጽሐፍ ይይዛሉ፣ ገጹን ግን አይገልጡም። የማያነብ ሰው መጽሐፍ የሚይዘው ለምንድን ነው ብዬ ስንት እሑድ ስብከቱ አልፎኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ጉልበታቸው ነው። ጎል ሊገባ ሲል፣ ኳሷ ገና ሩቅ ሳለች፣ የቀኝ ጉልበታቸው ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ወዲያው ጎል ይሆናል። እኛ ላይ ሊገባ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ ላይ እጃቸውን ጭነው ይተነፍሳሉ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ወጣቶቹ ይህን ሲደርሱበት ቴሌቪዥኑን ትተው ጉልበታቸውን ማየት ጀመሩ። አባ ተማምማ ከሱቅ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ውጤቱን ሳይሆን "የወዳጆ ጉልበት ምን አለ?" ብለው ነበር። እሳቸውም ፈገግ ይላሉ እንጂ ምስጢሩን አይናገሩም።

ሰፈሩ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ለእናቴ ጋሽ ወዳጆ ጎል ሳይገባ እንደሚያውቁ ነገርኳት። ሽሮውን ማማሰሏን አቁማ "ከማን ሰምተው?" አለችኝ። ጥያቄዋ አስፈራኝ። በማግስቱ ጸሎት ላይ ነገሩን አንዲት እህት ሰማች፣ ስለ ምዋርት መንፈስ ተናገረች፣ ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ጋሽ ወዳጆ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ከጎናቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ቀረ። ያን ባዶ ቦታ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ግን ስለ እውነት የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ውስጥ ነው፤ ቡናው ሁሉ በየደጁ ተሰጥቶ ሰፈሩ ጣፋጭ፣ ትንሽ የኮመጠጠ ሽታ የሚሸትበት ወር። ብሔራዊ ቡድናችን ይጫወታል። መንፈሱን በጌታ ስም ልገሥጽ ቆርጬ ስለመጣሁ፣ ከበሩ ሥር ተነሥቼ በጨለማው ውስጥ ከጋሽ ወዳጆ ጀርባ ቆምኩ። ጉልበቱ ተነሣ። ገና አፌን ስከፍት አንድ ቀጭን ጥቁር ሽቦ ከኮሌታቸው ሥር ወጥቶ ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየሁ። ምን እንደሆነ ሳላስብ ይዤ ሳብኩት።

ሽቦው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ካለችው ትንሽ ራዲዮ ተነቅሎ ወጣ፤ ሳሎኑም በራዲዮ ጋዜጠኛው ድምፅ ተሞላ። ጋዜጠኛው ጎል ጎል እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል፤ በቴሌቪዥኑ ላይ የእኛ ልጅ ኳሷን ይዞ ገና እየሮጠ ነው። ዲሹ ወሬውን በሰማይ አዙሮ ስለሚያመጣ ከራዲዮው እንደሚዘገይ ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። ልጁ ሮጦ ሮጦ ጎሏን አገባ፤ አንድም ሰው አልጮኸም። እንደዚያ ያለ የቀዘቀዘ ጎል አይቼ አላውቅም። ከዚያ አባ ተማም "ወዳጆ፣ ነቢይነትህ በባትሪ ነው እንዴ?" አሉና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሽ ወዳጆ ተነሡ። ወደ እኔ ዞረው፣ ሰው ሁሉ በሚስቅበት መሐል፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ማን ነው?" አሉኝ።

ከተወለድኩ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። የካዱኝ መሰለኝ፤ ሊረግሙኝ ስሜን የፈለጉም መሰለኝ። ሽቦውን ጥዬ ወደ በሩ ሸሸሁ። ሌላው ሰው ሽቦው በራሱ የወጣ ነው የመሰለው፤ እኔም አላረምኩም።

እትዬ ዘህራ ያን ቀን ጥላ ሽሽት ቡናው የተሰጣበትን ሰሌን አንሥታ ከወትሮው ቦታ ወደ መተላለፊያው አስጠግታው ነበር። ጋሽ ወዳጆ ከሳሎኑ ወጥተው ቀጥ ብለው ተራመዱ፤ ጀንፈሉ ከጫማቸው ሥር ከሽ ከሽ አለ። እትዬ ዘህራ ከወጥ ቤቱ በር ላይ "ወዳጆ፣ በቡናችን ላይ?" አለች። በእኛ አገር የሰው ቡና መርገጥ ፊቱ ላይ እንደ መርገጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ዕድሜያቸውን በቡና ላይ ያሳለፉ ሰው አያጡትም። ጋሽ ወዳጆ ሰሌኑ መሐል ቆሙ። ይመለሳሉ ስንል ጎንበስ አሉ፣ አንድ ጭብጥ አነሡ፣ በጣቶቻቸው አሹት፣ "ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል" አሉ፤ መልሰው በተኑና እስከ ጫፉ ረግጠውት ወጡ።

ረገጠ፣ ረግጦም ነቀፈ ተባለ። እትዬ ዘህራ ተቆጥታ አልቅሳለች፤ ቡናውን ግን ሁለት ቀን ጨምራ ስታሰጣው በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ጋሽ ወዳጆ ወደዚያ ሳሎን አልተመለሱም፣ ሁለቱ ወዳጆችም በዚያው ሰላምታ አቋረጡ። የአግዳሚዋን ጫፍ ሌላ ሰው ተቀመጠባት።

ልጃቸው ለቅሶው ላይ ያችን ራዲዮ ይዛ የተናገረችው ይህን ነው። የአባቷ ዓይን ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ጠፍቷል። መጋዘኑ ቢሰማ እንጀራቸው ያልቃል፤ ስለዚህ ለሰው ሳይናገሩ በጣታቸውና በአፍንጫቸው ብቻ ቡናውን ይለዩ ነበር። አባ ተማም ቤት የሚሄዱት የሰው ድምፅ ናፍቋቸው ነው፤ ራዲዮዋን የያዙትም ሰው ሲደሰት አብረው እንዲደሰቱ፣ ከሁሉ ኋላ አጨብጭበው እንዳይነቃባቸው ነው። ጉልበታቸው ግን ቸኩሎ አጋለጣቸው። ቡናው ላይ መሆናቸውን ያወቁት መሐል ሲደርሱ ነው፤ የሰሌኑ ዳር በየት በኩል እንደሆነ አያውቁም፤ እጃቸው የሚያውቀውን ብቻ ተናገሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላስ ለምን አልነገሩም ብላት፣ ያኔማ ማን ይጠይቃቸዋል አለች ራሄል።

ሳሎኑ ዛሬ የለም፤ በቦታው ባለ ፎቅ ቆሟል አሉ። ቴሌቪዥኑ በየቤቱ ገብቷል። እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ያኔ ሁላችንም አብረን እንዘገይ ነበር፣ ዛሬ እያንዳንዱ በየግድግዳው ውስጥ ለብቻው ይቀድማል። ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ፣ ያ ሰው ያይ አያይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ እንኳ፣ ሰውን ብቻ ስመለከት የኖርኩት፣ ሁሉን አይቼ ምንም አላየሁም። አሁን ሰው ስጠረጥር መጀመሪያ ራሴን እጠረጥራለሁ፤ አድካሚ ነው፣ ግን ይሻላል።

አባ ተማም በሕይወት አሉ። ለቅሶው ላይ መጥተው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው፣ የጋሽ ወዳጆ ልጅ ከመናገሯ በፊት ተነሥተው መሄዳቸውን ራሄል ነግራኛለች። ስለዚህ አልሰሙም። ያን ቀን በዚያ ሳሎን የነበራችሁ፣ የሳቃችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ አንዳችሁ ወደ አባ ተማምና ወደ እትዬ ዘህራ ሂዱልኝ። ወዳጆ ቡናችሁን አላየውም ነበር በሏቸው። ሽቦውን ማን ሳበው ካሏችሁም አትደብቁኝ፤ ጋሽ ወዳጆ ጠይቀውኝ ሳልመልስላቸው የሄዱበት ነገር ነው። ማርታ ነኝ፣ ጋሼ። በበሩ ሥር አፏን ይዛ የምትቆመዋ።