የማርያማዊት ሐረግ

ሠርክአዲስን በደንብ አውቃታለሁ የሚል ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ አይገኝም፤ ይህን የሚተርከውም ከሌላው የተሻለ አያውቃትም። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ማመልከቻና ውል በኮምፒውተር ትጽፋለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ እህት ወንድም የላትም። እናቷ ማርያማዊት ከአራት ዓመት በፊት ስታርፍ ድንኳኑን የሞላው የእድር ሰው ነበር። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ "የሟች ዘመዶች የት ተቀመጡ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን ብቻ አየ። ያ ዓይን እስካሁን አልለቀቃትም።

ኔትወርክ ወራት ጠፍቶ በተመለሰ ሰሞን፣ ቴሌግራም ላይ "የቢሆነኝ ተወላጆች" የሚል ቡድን አገኘች። ቢሆነኝ ከብዙ ትውልድ በፊት ሰከላ የኖረ ገበሬ ነው። እናቷ በልጅነቷ ያስቆጠረቻትን አልረሳችም፤ ማርያማዊት የወልደ ገብርኤል፣ ወልደ ገብርኤል የሀብተሚካኤል እያለች ጽፋ ቢሆነኝ ላይ ደረሰች። ከመቶ የሚበልጥ ሰው "እንኳን ደህና መጣሽ እህታችን" አላት። ያን ቀን ደንበኛ ሁለት ጊዜ ጠርቷት አልሰማችም። ጽሕፈት ስለምትችል፣ ታኅሣሥ ላይ ግሽ ዓባይ ሲሰበሰቡ የሚነበበውን የዘር ሐረግ እንድታዘጋጅ ተመረጠች።

ስም ከላኩላት አንዱ ወንዳወቅ ነው፤ ቡሬ በቆሎና ስንዴ የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው። አንቱ መባባሉ በሁለተኛው ሳምንት ቀረ። ጠዋት ጠዋት ይጽፍላታል።

"ከፈትሽ?"

"ገና ቁልፉን እየፈለግሁ ነው።"

"እንዲህ ስትፈልጊ ነው ዕድሜሽ ያለቀው።"

"ያንተስ የት ሄደ?"

"በቆሎ ሲመዘን።"

ብቻዋን ትስቃለች። ሳቋ ክፍሏ ውስጥ ሲሰማት ደግሞ ታፍራለች።

ነገር ግን ሁለቱም የቢሆነኝ ናቸው። ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ አይጋባም፤ በእሷ በኩል አምስት ነው፣ በእሱ በኩል ስድስት። ቆጠራውን በገዛ እጇ ነው የጻፈችው። አንድ ቀን ወንዳወቅ፣ "ምናለ ቢሆነኝ ሁለት ሦስት ትውልድ ቀደም ብሎ ቢወለድ" ብሎ ጻፈና ወዲያው አጠፋው። እሷ ግን አንብባዋለች።

የጎደሉ ስሞችን ለመጠየቅ በአንድ ቅዳሜ ወደ ሰከላ ወጣች። ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ አምለሰት ዘጠና አልፏቸዋል።

"የማን ነሽ ልጄ?"

"የማርያማዊት፣ የወልደ ገብርኤል።"

አሮጊቷ የሠርክአዲስን እጅ ያዙ።

"ማርያማዊትማ በክፉ ቀን እናቷ መንገድ ላይ የሞተችባት ሕፃን ነበረች። እነ ወልደ ገብርኤል ናቸው አንስተው ያሳደጓት። ከልጆቻቸው ለይተዋት አያውቁም።"

"የሥጋ ልጃቸው አይደለችም?"

"አይደለችም። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እኔም መሄዴ ነው። እንዳሻሽ አድርጊው።"

በሚኒባስ ስትመለስ ሐሳቡ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያለ አደከማት። እውነቱን ብትናገር ወንዳወቅ ባዳ ይሆናል፤ ከባዳ ጋር ደግሞ መጋባት ይቻላል። ግን ያ ሁሉ "እህታችን" ያላት ሰውም አብሮ ባዳ ይሆናል። ማታ ኮምፒውተሩን ከፍታ የማርያማዊትን መስመር አየች። እናቷ እንጨት እየለቀመች ያን ሐረግ እንዴት ደስ ብሏት ታስቆጥራት ነበር። የሥጋ ልጃቸው እንዳልሆነች ታውቅ ኖሯል? ማርያማዊትን ከዘመዶቿ መሀል መፋቅ ካለባት የምትፍቃት ልጇ ናት። መስመሩን ሳትነካ እጇን ከማጥፊያው ቁልፍ ላይ አነሳች።

ማክሰኞ ወንዳወቅ ጆንያ ልገዛ ነው ብሎ መጣ። ቡሬ ጆንያ የጠፋ ይመስል። በአካል ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሻይ ቤት ተቀመጡ፣ እሱም ከፎቶው ይልቅ ሽበቱ በርከት ብሏል።

"እማማ አምለሰት ምን አሉሽ?"

"ደህና ናቸው። ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል።"

"ስለ ጆሯቸው አልጠየቅሁሽም።" ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። "ቆጠራውን አረጋገጡልሽ? በእርግጥ ስንት ቤት ነን?"

ሠርክአዲስ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታችው።

"ይህን አትጠይቀኝ፣ ወንዳወቅ" አለችው።