መንገዱን አልሠራም ያለው ሾፌር

አለምሰገድ በቆመ የጭነት መኪና አጠገብ ሲያልፍ ሁልጊዜ ጎማውን በጣቱ አንጓ ይመታል። አንድ ጊዜ ብቻ መትቶ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ድምፁን ይሰማና መንገዱን ይቀጥላል። መኪናው የእሱ አይደለም። የወገቡ ዲስክ ከተንሸራተተ ወዲህ፣ አምስት ዓመት ሆኖታል፣ መሪ አልጨበጠም። ግን ጠዋት ጅቡቲ ከተማ ካለው ሰፈሩ ከካርቲየ 1 ወጥቶ ወደ ሥራው ሲሄድ መንገድ ዳር ከቆሙት መኪኖች አንዱንም ሳይመታ አያልፍም። አየር የጎደለው ጎማ ካገኘ ሾፌሩን ቀስቅሶ ይነግረዋል። አንዳንዱ ያመሰግነዋል፤ አንዳንዱ እንቅልፌን ነሳኸኝ ብሎ ይሰድበዋል።

ዕድሜው አርባ ሦስት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ እየተመላለሰ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ብረት ጭኗል። አሁን በአንድ ትራንዚት ድርጅት የኮንቴይነር ማቆያ በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ኮንቴይነር ቁጥር ይጽፋል። ከንጋት ጀምሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ጫት ወደ ከተማው እስኪገባ ድረስ በእግሩ ነው። ከዚያ ከተማው በሙቀት ተዘግቶ ሲያሸልብ እሱ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ፊቱን ይታጠብና ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጌም ይሠራል። የሚጫወተው እንዳይመስላችሁ፤ የሚሠራው ነው።

ስለ እሱ የምጽፈው ሰው ትንሽ ነገር ሲሠራ «አቅሙ ይኸው ነው» ስለሚባል ነው። አለምሰገድ ትልቁን መሥራት አቅቶት አይደለም። ትልቁን ሥራ ብለው ለምነውት እንቢ ያለ ሰው ነው።

ጌም የለመደው ተራ ሲጠብቅ ነው። ፔካ 12 የሚባለው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የጭነት መኪኖች ማቆሚያ አለ። ሾፌሮች ጭነት እስኪደርሳቸው ሦስት ቀንም ሳምንትም እዚያ ይቀመጣሉ። ሌሎቹ መኪና ሥር ጥላ ይዘው ካርታ ሲጫወቱ፣ እሱ አንድ ሰው ሆነህ የምትኖርባቸውን፣ ፈረስ የምትገዛባቸውን፣ ዳር ድንበር የሌላቸውን ጌሞች ይጫወት ነበር። መጀመሪያ ላይ ጉድ ብሏል። ሩቅ የሚታየው ተራራ ሥዕል ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ ይወጣበታል። ከተራራው ጀርባ ሌላ ተራራ አለ። ከዚያም ጀርባ ሌላ።

ከእነዚህ ጌሞች በአንዱ ውስጥ፣ በንዴትም በስህተትም፣ የአንድ መንደር የእህል ጎተራ አቃጠለ። ደንግጦ ሸሸ። ለሁለት ቀን ወደዚያ አቅጣጫ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን አልቻለም፤ እህል ጭኖ ይቅርታ ሊጠይቅ ተመለሰ። የመንደሩ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀውና «እንኳን ደህና መጣህ፣ መንገደኛ» አለው። ጎተራውን ባቃጠለ ቀንም ያለው ይህንኑ ነበር። እህሉን የሚቀበል አልነበረም። ጎተራውም እንዳልተቃጠለ ሆኖ በቦታው ቆሟል።

ይህንን ሲነግረኝ ዓመታት አልፈውም ድምፁ ይቆጣ ነበር። ያን ያህል ተራራ ሠርተው አንድ የሚቀየም ሰው መሥራት እንዴት አቃታቸው ይላል።

እኔ የማውቀው በጎረቤትነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ግጥም መማሬን በግቢያችን ሰምቶ፣ አንድ ቀን በደብተር የተጻፈ ንግግር ይዞ መጣና አማርኛውን እንዳስተካክልለት ጠየቀኝ። ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ እሺ አልኩ። ጌሙ «ተራ» ይባላል። ቦታው አንድ የመኪና ማቆሚያ ግቢና ወደ እሱ የሚያስገባው ኩርባ ብቻ ነው፤ ጊዜው ሦስት ቀን። አሥራ አንድ ሰዎች አሉበት። ተጫዋቹ ጭነት የሚጠብቅ ሾፌር ነው፤ ከእነሱ ጋር ይኖራል፣ የሚናገረውና የሚያደርገው ሁሉ ይቀመጥለታል። ማንም አይረሳለትም። እኔ ያስተካከልኩትን አብዛኛውን ሰረዘው። «ቆንጆ አደረግሽው» ይለኛል እያዘነልኝ፤ «ሾፌር ግን እንዲህ አይናገርም።»

በጌሙ ውስጥ ምግብ የምትሸጥ ሴት አለች። የተሠራችው ከእትዬ ገበያነሽ ነው። እትዬ ገበያነሽ በፔካ 12 አጥር ሥር ከሃያ ዓመት በላይ ምግብ ቤት የኖራቸው፣ ስልሳ የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሊያሳያቸው ስልኩን ሰጣቸው። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ገና ተጫዋቹ ሲገባ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ፣ ቁጭ በል» አለችው። እትዬ ገበያነሽ ስልኩን መለሱለት።

«እኔ እንዲህ አልልም» አሉት።

«ምን ይላሉ ታዲያ?»

«እጅህን ታጠብ ነው የምለው። ደግሞ ሰላም እንኳ ሳይለኝ የገባን ሰው ልጄ አልልም። የማን ልጅ ነው?»

አንድ ወር ሙሉ ያቺን ሴት ብቻ ሲሠራ ከረመ። አሁን ሰላም ሳትል ከገባህ ወጡ ቀዝቅዞ ነው የሚቀርብልህ። እጅህን ታጥበህ፣ ስሟን ጠይቀህ ከተቀመጥክ፣ በሦስተኛው ቀን ተራው በየትኛው በር እንደሚጠራ በጆሮህ ትነግርሃለች። እትዬ ገበያነሽ ሊፈትኗት ብለው በጌሙ ያለችውን ራሳቸውን ሰደቡ። የጌሟ ገበያነሽ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ቢለማመጧትም እስከ መጨረሻው አልዞረችም። እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ልክ ናት፣ እኔም ብሆን አልዞርም ነበር አሉ።

ያላለቀውን ጌም ነቢል አየው። ነቢል ድሬዳዋ ያደገ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ አዲስ አበባ ላለ አንድ የጌም ድርጅት የሚሠራ ትሁት ሰው ነው። አንድ ሾፌር ስልክ ላይ አይቶት አድራሻ ጠይቆ ነው ጥር ወር ላይ ጅቡቲ የመጣው። እኔ የንግግሩን ደብተር ላስረክብ ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ነቢል ፍራሹ ላይ ተቀመጠ፤ ይዞት የመጣውን ጫት የእንግዳ ወግ ነውና ለአለምሰገድ ዘረጋለት። አለምሰገድ አንድ ቅጠል ቀነጠሰና እንዳያስቀይመው ያዘው።

ነቢል ጌሙን ከመጀመሪያው ጀመረ። ወደ ግቢው ሲቃረብ ኩርባ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዲያየው ድንጋይ ሰብስቦ አስፋልቱ ላይ ደረደረ። ጎማውን ቀየረ። ሄደ። ግቢ ገባ፣ ሰላም አለ፣ እጁን ታጠበ፣ መኪና ማንሻ ክሪክ የቸገረውን ረዳ። ሁሉም ወደዱት። ነቢልም ደስ አለው።

በሁለተኛው ቀን ይርዳው የሚባለው ሾፌር ክንዱን በሻርፕ አስሮ በእግሩ ወደ ግቢው ገባ። አልጮኸም። ጥላው ሥር ተቀመጠና «ኩርባው ላይ ድንጋይ ትቶ የሄደው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ከድንጋዩ ሲሸሽ መኪናው ተገልብጦበት ነበር። ለተጫዋቹ ሁለት ምርጫ መጣለት፤ መናገር ወይም ዝም ማለት። ነቢል ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ተራው ሲጠራ ተኝቶ ነበር። ከአሥራ አንዱ ሰው አንድም የቀሰቀሰው የለም።

ነቢል ስልኩን አስቀመጠ።

«ድንጋዩን አንሳ የሚል አልመጣልኝም እኮ» አለ።

«መንገዱም አይልህም» አለው አለምሰገድ።

ይህ፣ የጭነት መኪና ለማያልፍበት አገር ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። በዚህ መንገድ ለሚኖር ግን ድንጋይ ትቶ መሄድ የሚታወቅ ነገር ነው። የደከመ ሾፌር ጎማውን ቀይሮ፣ እጁን ጠርጎ፣ ቸኩሎ ይነሳል። ክፋት የለበትም። ከኋላው ማን እንደሚመጣ ስለማያይ ነው። ነቢል የድሬዳዋ ልጅ ሆኜ እንዴት ይጠፋኛል ብሎ በራሱ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። እንደገና ጀመረ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አራት ጊዜ ተጫወተው።

ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። ድርጅቱ ጌሙን ይወስዳል፤ ግን ግቢው መግቢያ ብቻ ይሆናል። ከግቢው ሲወጣ መንገዱ ይከፈታል፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ፣ ዲኪል፣ ገላፊ፣ ሚሌ፣ አዋሽ፣ ሁሉም። ሁለት መቶ ሰው፣ አርባ ከተማ። አለምሰገድም አዲስ አበባ ገብቶ ከቡድኑ ጋር ይሠራል። ወንበሩ ለወገብ የተሠራ ነው አለው ነቢል፤ በቅንነት ነው ያለው፤ ከፍራሹ አነሳሱን አይቶት ነበር።

«ድንጋዩስ?» ብሎ ጠየቀ አለምሰገድ።

«ድንጋዩ ይኖራል፣ ጋሽ አለምሰገድ። ሾፌሩ ራቅ ሲል ግን ይጠፋል። ያን ሁሉ መንገድ ስልክ ማስታወስ አይችልም።»

«ይርዳውስ?»

«ሁለት መስመር ይናገራል። ሁሉም ሁለት ሁለት መስመር ነው የሚኖራቸው።»

ነቢል ሊያስረዳው ሞከረ። ተጫዋች ነፃነት ይፈልጋል፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ምን ምርጫ አለ፣ መውጣት እንኳ አይችልም፤ መንገዱ ሲከፈት ግን ወደፈለገበት ይሄዳል አለው።

«የትም ብሄድ የሚጠብቀኝ አንድ ዓይነት ሰላምታ ከሆነ ምን መረጥኩ?» አለ አለምሰገድ። «የማታስታውሰውን መንገድ ለምን ትሠራዋለህ?»

ነቢል አልተቆጣም። ወረቀቱን ትቶለት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስህን እንጠብቃለን ብሎ ሄደ።

ያ ሳምንት ክፉ ነበር። ወገቡ ተነሳበት። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቃተው፤ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጫማው ሲያይ አገኘሁትና አሰርኩለት። ሁለታችንም አፈርን። እሱ ግን እንደዚያው ሆኖ ሄዶ ፀሐይ ላይ ቆመ። ወረቀቱ ኮምፒውተሩ ሥር ነበር። መፈረም እንዴት እንደሚቀል በግቢያችን የማይነግረው ሰው አልነበረም። አንዱ፣ ድንጋይ የሚገዛ ሰው የት ይገኛል፣ አንተ ለድንጋይህ ገዢ መጥቶልህ ትኮራለህ ብሎ ቀለደበት።

እትዬ ገበያነሽ ከፔካ 12 ምሳ በሳህን ይዘውለት መጡ። ወገብህን አድን አሉት። የእሳቸው ነገር አሳስቦት ከሆነ እንዲተወው ነገሩት።

«እኔ ሁለት ቃል ብቻ ብናገር ምን እሆናለሁ? ልጄ ቁጭ በል ልበል፣ ይለፍ።»

«ያኔ እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ።»

«እኔማ እዚሁ ፔካ አለሁ። ስልክ ውስጥ ያለችው ትሙት፣ አንተ ቆመህ ሂድ።»

ምሳውን በላ። እጁን ታጠበ። ሳህኑን አጥቦ ሲመልስላቸው፣ አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ሲበላ ሰላም ሳይል የገባበትን አንድ ቀን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም ቀኑን ጠሩለት፤ ዝናብ የጣለበት ዕለት ነበር። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀቱ አላነሱበትም።

በሰባተኛው ቀን ነቢል ደወለ። አለምሰገድ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል።

«አልሠራም» አለ። «አሥራ አንድ ሰው ለማወቅ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሁለት መቶ ሰው አላውቅም። የማላውቀውን ሰው አልሠራም። ግቢውን እንዳለ ከወሰዳችሁ ውሰዱት፤ ካልወሰዳችሁ ይኸው፣ እኔ ጋ ነው።»

አልወሰዱትም።

በሁለት ወሩ ጨረሰውና እትዬ ገበያነሽ ቤት ለሚበሉ ሾፌሮች ሰጠ። ከስልክ ወደ ስልክ እየገለበጡት ይዘውት ሄዱ። ሽመክት የሚባል ሾፌር ተመልሶ መጥቶ በሰው ፊት ወቀሰው፤ ስድስት ቀን ተራ ጠብቄ፣ ልዝናና ብዬ ስልኬን ብከፍት ደግሞ ሦስት ቀን ታስጠብቀኛለህ፣ አንተ ሰው ጤና የለህም አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይርዳውን በመጨረሻው ቀን እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል ጠየቀው። አለምሰገድ አልነገረውም። አሁን በሚሌ ሻይ ቤቶች ስለ ይርዳው የሚከራከሩ ሾፌሮች እንዳሉ ይነገራል። ድንጋይ የሚያነሳው ሰው በዛ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላውቅም። አለምሰገድ ዛሬም የኮንቴይነሩ በር ላይ ይቆማል፤ ወገቡም አልተሻለውም። ትንሽ ሠራ የሚሉትን ሰዎች ግን ከአሥራ አንዱ ጋር ሦስት ቀን ተቀመጡና ከዚያ ንገሩኝ እላቸዋለሁ።

ስለ እሱ እንደምጽፍ ስነግረው ሁሉንም ፈቀደልኝ፤ ወገቡንም፣ ጫማውንም። አንድ ነገር ብቻ ተዪልኝ አለ፤ ነቢል ያነበዋል ብሎ፤ እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ነቢል እንቢታውን ሰምቶም አልተቀየመውም፤ ድርጅቱ ለሙከራ የሠራውን የጌም መንገድ፣ ማስታወሻ ይሁንህ ብሎ ላከለት። ሰው የለበትም። ግራን ባራ በረሃ ላይ አቧራ አይነሳም፣ ዲኪል ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ድንበሩ ገላፊ ላይ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። ሁለት ትራስ ወገቡ ላይ ደግፎ ያንን መንገድ እየነዳ ነበር፤ በየዓርቡ እንደሚነዳው ቆይቶ ነው የነገረኝ። ጠራሁት። ፊቱን ሳያዞር እጁን ከፍ አድርጎ አስቆመኝ።

«ቆይ፣ አንቺ ልጅ» አለኝ፤ «አዋሽ ልደርስ ነው።»