የእትዬ ዘይነባ ጣቶች

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህንን እዘለዋለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጾሙ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለተሻልኩ አይደለም። ራሴን ስለተጸየፍኩ ነው።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ኦልድ ካምፓላ ውስጥ፣ የስልክ ሽፋን ከሚሸጥ ሰው ጋር በተጋራሁት ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት የደንበኛ ወንበር አሉኝ። ሥራዬን አውቀዋለሁ። ይህን ያዙልኝ፤ ሥራውን የማያውቅ ሰው ያደረገው ቢሆን ኖሮ ኑዛዜ አያስፈልገውም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ኪቡሊ በሚባል ሰፈር፣ ከመስጊዱ በታች፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የወሎ ሴት ነበሩ። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶታል። ጠዋት ለሥራ የሚወጡ የአገራችን ልጆች ሕፃናታቸውን እሳቸው ዘንድ ያውላሉ። ዓይነ ስውር እንዴት ልጅ ይጠብቃል ትሉ ይሆናል። እሳቸው ግን የእያንዳንዱን ሕፃን ለቅሶ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ወተቱንም፣ ገንፎውንም፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይሰጡ ነበር።

ሰዓቱን የሚያውቁት በጣታቸው ነው። ለማያዩ ሰዎች የተሠራ የእጅ ሰዓት ነበራቸው፤ በባትሪ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት እየተሞላ የሚሠራ። መስታወቱ እንደ ክዳን ይከፈታል፤ በቁጥሮቹ ቦታ ጉብ ጉብ ያሉ ነጥቦች አሉ። ሰዓት ቆጣሪውንና ደቂቃ ቆጣሪውን በጣታቸው ዳስሰው ወዲያው ይናገራሉ። "ስንት ሰዓት ነው ብዬ ሰው ለምኜ አላውቅም" ይሉ ነበር። "የተቀማሁት ዓይኔን ብቻ ነው።"

ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምር እንዳጸዳው አመጡልኝ። ማሽኑን ለማውጣት መጀመሪያ ቆጣሪዎቹ ይነሳሉ። ከሁለት ወገን እኩል ነው የሚነሱት፤ ለዚያ የተሠራ መሣሪያም አለኝ። መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለመነሳት ሰነፍኩና በቢላዋ ጫፍ ከአንድ ወገን ፈነቀልኳቸው። ሰዓት ቆጣሪው ሥር ያለችው፣ ዘንጉን ጨምድዳ የምትይዘው ትንሽ ቀለበት ተከፈተች።

ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው። ቀለበቷን በጥንቃቄ ማጥበብ፣ እምቢ ካለች ደግሞ "እትዬ፣ አበላሸሁት" ማለት። እኔ ግን ማሽኑን አጽድቼ መለስኩና ቆጣሪውን ከላይ አስቀምጬ በወረንጦ ጫን አደረግኩት። ቆመ። አብሮ መዞርም ጀመረ። የሌላ ሰው ሰዓት ቢሆን ለዓመታት ሊሄድ ይችላል፤ ቆጣሪውን ማን ይነካዋል? ይህ ግን በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚዳሰስ ሰዓት ነው። ጣት ባረፈበት ቁጥር እንደሚንሸራተት አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብል ሌላ ውሸት ነው።

እትዬ ዘይነባ ሰዓቱን ወሰዱ፤ በሳምንቱ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ተሳፍረው ተመለሱ። ያን ቀን አንደኛው ወንበር ላይ በአንድ የውጭ ድርጅት የሚሠራ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ የአገራችን ሰው ተቀምጧል፤ ውድ ሰዓቱን ሊሰጠኝ ገና እያመነታ ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ ሰዓት ምን ነካው?" አሉኝ። "የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲል ስነካው አምስት ሰዓት ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ዘጠኝ ይለኛል።"

ተቀበልኳቸው። ሰዓት ቆጣሪው ከቦታው ርቆ ተንሸራትቷል። ጀርባዬን ለሰውየው ሰጥቼ በጥፍሬ ወደ ቦታው ገፋሁት። ከዚያ ዞሬ አሳየሁት።

"ስንት ይላል ጌታዬ?"

ሰውየው ሰዓቱንም ስልኩንም አየ። "አራት ከሩብ። ልክ ነው።"

"አዩ እትዬ፣ ሰዓቱ ደህና ነው" አልኳቸው። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። "ስኳር ሲቆይ ጣት ያደነዝዛል ይባላል" አልኳቸው።

ያን ጊዜ የተናገርኩበትን ድምፅ አስታውሰዋለሁ። ረጋ ያለ፣ የሚያዝን፣ የሐኪም ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬ ድረስ ያስጠላኛል። እሳቸው የጣቶቻቸውን ጫፍ እርስ በርስ አሻሹ። "ይሄም ቀረልኝ?" አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። ሰውየው ሰዓቱን ሰጠኝና ሄደ። ለዚህ ነበር እንግዲህ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው "ጎበዝ ባለሙያ ነው" እንዲለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከአንዷ እናት ነው። ልጇ አተኩሶት የትኩሳት ሽሮፕ ትታላቸው ነበር፤ በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ። እትዬ ዘይነባ ሰዓታቸውን ዳስሰው ስድስት ሰዓት አልፏል ብለው ደገሙለት። ሁለት ሰዓት እንኳን አልሞላውም ነበር። ልጁ ሲያስመልሰው ወደ ክሊኒክ ሮጡ። ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። እናትየው ግን "አርጅተዋል፣ ይምታታባቸዋል" አለች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ወሰዱ። ይህን ስትነግረኝ ወረንጦዬን እንደያዝኩ "ምስኪን!" አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

ወር ሳይሞላ እትዬ ዘይነባ ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

"ለስኳሬ ክትትል ሄጄ ለዶክተሩ ጣቴ ደንዝዟል አልኩት" አሉኝ። "አሥሩንም ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገኝ። አሥሩም ተሰማኝ። ጣትሽ ደህና ነው አለኝ።"

ተያዝኩ አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስም አለኝ፤ የሚያልቅ መሰለኝ።

"እንግዲህ ሰዓቱን ደህና ነው ብለኸኛል" አሉ ቀስ ብለው። "ጣቴም ደህና ነው። የተበላሸው ጭንቅላቴ ነዋ። የሰው ልጅ ልገድል ነበር።"

እኔን አልጠረጠሩም። ራሳቸውን ጠረጠሩ እንጂ እኔን አልጠረጠሩም። ማንም አልነበረም፤ የማፍርበት ደንበኛ አልነበረም። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ምን አልኩ?

"አይዞዎት እትዬ፣ ዕድሜ ነው።"

ሰዓቱን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። "ለሚረባው ሰው ስጠው" ብለው፣ ቦዳ እንድጠራላቸው ጠየቁኝ። ጠራሁላቸው። ደግፌም አሳፈርኳቸው። መረቁኝ።

በማግስቱ ቀለበቷን አጠበብኩና ቆጣሪዎቹን አሥራ ሁለት ላይ አስተካክዬ ገጠምኳቸው። በጣቴ ደጋግሜ ገፋኋቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የአንድ ሰው አእምሮ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር። እሱንም ቢሆን አልመለስኩላቸውም፤ መመለስ ጥፋቴን ማመን ነውና።

አሁን እንቴቤ መንገድ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ነው ያሉት። በሕይወት አሉ። ባለፈው ዒድ ልጅቷን ኪኩቦ ገበያ አግኝቻት ነበር። "ደህና ናቸው፤ ግን ልጅ ይቀፉ ስንላቸው እምቢ ይላሉ" አለችኝ። "የኔን ልጅ እንኳን አያቅፉም። እኔን አትመኑኝ ነው የሚሉት።" ሰላም በይልኝ ብዬ አለፍኩ።

ከሱቄ እሳቸው ያሉበት ድረስ በቦዳ አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። ድሃ ነበርኩ፣ ስደተኛ ነበርኩ፣ ስሜን መጠበቅ ነበረብኝ ልል እችላለሁ፤ እሳቸውም ድሃና ስደተኛ ነበሩ፣ ስምም ነበራቸው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን ሁሉ ለእናንተ የተናገርኩት ለእሳቸው መናገር ስለፈራሁ ነው። ይህም ራሱ ያስጠላኛል።